ፒዲኤፍ የምታክመው እትዬ ሠንጠረዥ

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጉልበታቸውን የሚያማቸው ጎረቤት በሩን አንኳኩተው ገቡ። ቀሚሳቸውን ከጉልበታቸው በላይ ሰበሰብ አድርገው ሶፋው ላይ ተቀመጡ።

"እስኪ እዪልኝ ልጄ" አሉ። "ደረጃ ስወጣ ቋ ይላል። ፒዲኤፍ ይሆን?"

የቤቱ እመቤት ወደ እናቷ ዞረች። እናቷ ደግሞ ድንገት መስኮቱ ላይ አቧራ ያዩ መስለው በመዳፋቸው መጥረግ ጀመሩ።

"እማ፣ ምን ብለሽ ነው የነገርሻቸው?"

"ያልሽውን ነዋ! ልጄ ፒዲኤፍ ታክማለች አልኩ። ምን ዋሸሁ?"

ጥፋቱ የራሷ ነበር። እናቷ ምን እንደምትሠራ በጠየቋት ቁጥር ማስረዳቱ ቢሰለቻት፣ አንድ ቀን ጫማዋን እያወለቀች "የታመመ ፒዲኤፍ አክማለሁ፣ በቃ!" ብላቸው ነበር። እናት ከዚያ ቀን ጀምሮ በደረጃውም፣ በሱቁም፣ በአውቶቡሱም የሐኪም እናት ሆነው ከረሙ።

የታደጋት ባሏ ነው። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱቁ ከመኖሪያቸው ሥር ነው። ያን ጊዜ ሻይ ሊጠጣ ወደ ቤት ወጥቶ ነበርና ክንዱ ላይ ያንጠለጠለውን ኮት ለጎረቤቲቱ ገልብጦ አሳያቸው።

"ይኸውልዎት፣ ይህን ኮት ከውጭ ሲያዩት ያምራል አይደል? ገበሩን ሲያዩት ግን ስፌቱ ተተርትሯል። አንድ ጽሑፍ ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጥ እንደዚሁ ነው። ዓይናችን የሚያየው ውጩን ነው። ዓይነ ስውር ሰው ግን ኮምፒውተሩ ጮክ ብሎ እንዲያነብለት ያዘዋል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ የሚያነበው ከገበሩ በኩል ነው። እሷ ገበሩን ነው የምትሰፋው።"

ጎረቤቲቱ ኮቱን አገላብጠው አዩት፤ በጣታቸውም ስፌቱን ፈተሹት።

"ገባኝ" አሉ። "ታዲያ ጉልበቴስ?"

በመሥሪያ ቤቷ ይህችን ሴት በስሟ የሚጠራት የለም፤ "እትዬ ሠንጠረዥ" ነው የሚሏት። በየስብሰባው እጇን አውጥታ "ይህ ሠንጠረዥ ርዕስ የለውም" ስለምትል የወጣላት ስም ነው። መጀመሪያ ትቆጣ ነበር፣ በኋላ ግን ስልክ ስታነሳ ራሷ "ሠንጠረዥ ነኝ" ማለት ጀመረች።

የምትሠራው በውሃ መሥሪያ ቤት ነው። ሃያ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ነበረች፤ የትኛው ፋይል የት መደርደሪያ እንዳለ ዓይኗን ጨፍና ትናገራለች። ፋይሉ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ መዝገብ ቤቱ ተዘጋ፣ እሷም ከወንበሯ ጋር ኮሪደር ላይ ቀረች። ያን ሰሞን ደግሞ "ለሕዝብ የሚወጣ ሰነድ ሁሉ ለዓይነ ስውራን እንዲነበብ ሆኖ ይዘጋጅ" የሚል ትእዛዝ መጣ። ሥራውን ማንም አልፈለገውም። ኮሪደር ላይ የተቀመጠች አንዲት ሴት ነበረችና ለእሷ ተሰጣት። የሁለት ቀን ሥልጠናና ደረጃ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል አብረው ተሰጧት። የክፍሏ ጣሪያ ላይ ያለው ቱቦ ያንጠባጥባል። እንዲጠገንላት ለውሃ መሥሪያ ቤቱ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጻፈች፤ ከውሃ መሥሪያ ቤቱ አንድ ባልዲ ተላከላት።

እዚያች ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት ሲሞላት ትልቁ ሥራ መጣ። "የደንበኞች መመሪያ" ይባላል፣ መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ነው። ንድፍ አውጪው ስድስት ወር የለፋበት፣ ቀለሙና ፎቶው ዓይን የሚያጠግብ መጽሐፍ ነበር። ሥራ አስኪያጁ እንደ በኩር ልጃቸው እያቀፉ በየቢሮው አዞሩት። ለእትዬ ሠንጠረዥም እሳቸው ራሳቸው በፍላሽ ይዘውላት ወረዱ።

"ይሄንኛው አያለፋሽም" አሏት። "ንድፍ አውጪው መነበቡን በሚመረምር ፕሮግራም አስፈትሾታል። ሁሉም አረንጓዴ ነው።"

እውነትም አረንጓዴ ነበር። አንድም ቀይ ምልክት የለበትም። እትዬ ሠንጠረዥ ግን ፕሮግራሙን ከማመኗ በፊት የምታምነው አንድ ሰው ነበራት፤ ስልከኛው።

ስልከኛው ምድር ቤት፣ ከመግቢያው በስተቀኝ፣ የመሥሪያ ቤቱን ስልክ የሚያገናኝ ሰው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነው። የሠራተኛውን ሁሉ የውስጥ ቁጥር በቃሉ ያውቃል፤ ሰውን በእርምጃው ይለያል፤ ማን አዲስ ጫማ እንደገዛም ከማንም በፊት የሚያውቀው እሱ ነው። ደንበኛ ሲደውል ጉዳዩን ሰምቶ ወደ የትኛው መስኮት መሄድ እንዳለበት ይነግረዋል። በምሳ ሰዓት መጥቶ የእሷ ክፍል ውስጥ ተቀመጠ። ኮምፒውተሩ ማንበብ ጀመረ።

"ሥዕል፣ የውሃ ጠብታ። ሥዕል፣ የውሃ ጠብታ። ሥዕል፣ የውሃ ጠብታ። ገጽ ሁለት። ሥዕል፣ የውሃ ጠብታ።"

ስልከኛው አንገቱን ቀና አደረገ። "ቤትሽ ያፈሳል እንዴ?"

"ቤቴስ ያፈሳል። ይሄ ግን መመሪያው ነው።"

ንድፍ አውጪው በየገጹ ዳር ለጌጥ ሦስት ጠብታ አስቀምጧል፤ በድምሩ ሦስት መቶ ሠላሳ ስድስት። ፕሮግራሙ "ሥዕል ሁሉ መግለጫ ይኑረው" ስለሚል፣ እያንዳንዷ ጠብታ ላይ "የውሃ ጠብታ" ብሎ ጽፎባታል። ፕሮግራሙ መግለጫ መኖሩን እንጂ ሰው ጆሮ ላይ ምን እንደሚያደርግ አይፈትሽም። ቀጥሎ ርዕሶቹ የማይነበቡ ሠንጠረዥ መጣ።

"አዎ። የለም። አዎ። አዎ። ባዶ። የለም።"

"ይሄ ደግሞ ምርመራ ነው?" አለ ስልከኛው። "ማነው የሚጠየቀው? ይመን በቃ፣ እንገላገል!"

ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሲበቃቸው እሷ ወረቀት አወጣች። እሱ ሲሰማ የተምታታበትን አንድ በአንድ ነገራት፣ እሷ ጻፈች። ከዚያም ሦስት ሳምንት ሙሉ ከኮምፒውተሩ ሳትነቀል ሠራች። ርዕሱን ርዕስ እንደሆነ፣ አንቀጹን አንቀጽ እንደሆነ ምልክት እየሰጠች ሄደች። ሦስት መቶ ሠላሳ ስድስቱን ጠብታ አንድ በአንድ "ጌጥ ነው፣ ዝም ብለህ እለፈው" አለችው። ገጾቹ በሁለት ዓምድ የተጻፉ ነበሩና ኮምፒውተሩ የግራውን ዓምድ ሳይጨርስ ወደ ቀኙ እንዳይዘል ቅደም ተከተሉን አበጀች። ቤትም ሄዳ አላረፈችም። ባሏ ቴሌቪዥን ሲያይ አጠገቡ ቁጭ ትልና "አንድ ሰው መኪና እያጠበ" እያለች ስክሪኑን ትገልጽለታለች።

"አንቺ፣ እያየሁት እኮ ነው" ይላታል።

የቀረው አንድ ፎቶ ብቻ ነበር። ገጽ ሦስት ላይ ሥራ አስኪያጁ የቱቦ መፍቻ ይዘው ቆመዋል። መግለጫውን እሳቸው ራሳቸው ጽፈው ላኩላት። ግማሽ ገጽ ነው። "አርቆ አሳቢው ሥራ አስኪያጃችን፣ ለደንበኞቻቸው ባላቸው የማይነጥፍ ፍቅር ተገፋፍተው፣ ፊታቸው በፈገግታ በርቶ" ብሎ ይጀምራል። እትዬ ሠንጠረዥ አንብባ "ሥራ አስኪያጁ የቱቦ መፍቻ ይዘው" ብላ አሳጠረችው። በማግሥቱ ጠሯት።

"ፈገግታዬ የት ሄደ?"

"ፎቶው ላይ የለም እኮ ጌታዬ። ያልታየ ነገር ከጻፍኩ የማያየውን ሰው ማታለል ይሆንብኛል።"

ሥራ አስኪያጁ ፎቶውን አንስተው ለረጅም ጊዜ አዩት። ልክ ነበረች። ፊታቸው ወረፋ የተወሰደበት ሰው ፊት ይመስላል።

"ውስጤ ግን ፈገግ ብሎ ነበር" አሉ ቀስ ብለው።

"የውስጡን እኔ አላይም ጌታዬ" አለች፤ ነገሩ በዚሁ ያለቀ መስሏት ወጣች።

አላለቀም ነበር።

መመሪያው የሚመረቅበት ቀን ደረሰ። ትልቁ አዳራሽ በእንግዶች ሞልቷል፤ ከእነሱም መካከል አሥራ ሁለት ዓይነ ስውራን ደንበኞች የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። የእትዬ ሠንጠረዥ እናትም አዲስ ሻርፕ አጥልቀው መጥተዋል፤ የተጠሩት ለልጃቸው ምርቃት መስሏቸዋል። ሥራ አስኪያጁ አጭር ነው ያሉትን ንግግር አርባ ደቂቃ ተናገሩና "አሁን መመሪያው ራሱ ይናገራል!" ብለው ወደ መድረኩ ጠረጴዛ አመለከቱ። እዚያ ስልከኛው ሙሉ ልብሱን ለብሶ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጧል። ቁልፉን ተጫነ። ድምፁ በአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ወጣ።

"ሥዕል፣ የውሃ ጠብታ። ሥዕል፣ የውሃ ጠብታ።"

እትዬ ሠንጠረዥ ከወንበሯ ግማሽ ድረስ ተነሣች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለውን ንድፍ አውጪ ፈልጋ በዓይኗ ያዘችው፤ ወዲያው አንገቱን ደፋ።

የሆነው ይህ ነው። ሥራ አስኪያጁ ከእሷ ጋር በተነጋገሩ በሁለተኛው ቀን ፎቶ አንሺ አስጠርተው አዲስ ፎቶ ተነሥተዋል፤ በፈገግታ፣ ከበፊቱ ትልቅ የሆነ የሚያብረቀርቅ መፍቻ ታቅፈው። ንድፍ አውጪውም ፎቶውን የራሱ ፋይል ላይ ቀይሮ መመሪያውን እንደ አዲስ ፒዲኤፍ አድርጎ አወጣው። እሷ ሦስት ሳምንት የደከመችበት ሥራ ግን ያለው በአሮጌው ላይ ነበር፤ በአዲሱ ላይ አንዱም አልተላለፈም። የአዲሱን ፎቶ መግለጫ መጻፍም ማንም አላስታወሰም። መግለጫ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ በራሱ ይገምታል።

"ገጽ ሦስት" አለ ድምፁ። "ምናልባት፦ ፈገግ ያለ ሰው፣ ትልቅ ዓሣ ታቅፎ።"

ቢያንስ ፈገግታቸው ታይቶላቸዋል። ስልከኛው ወደ ፊት ሊዘል ቸኩሎ ቁልፍ ተጫነ፣ ድምፁም መሃል ገጽ ላይ አረፈ። በገጹ ላይ በግራ በኩል ስለ ቆጣሪ አያያዝ፣ በቀኝ በኩል ስለ ቅሬታ አቀራረብ ተጽፏል። ድምፁ ሁለቱን ዓምድ እንደ አንድ መስመር አያይዞ፣ ጥርት ባለ አነጋገር፣ ያለ ምንም እፍረት አነበበው።

"ቆጣሪዎን በወር አንድ ጊዜ ቅሬታ ካለዎት ሥራ አስኪያጁን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው በአካል አግኝተው ክዳኑን ይዝጉ ያነጋግሩ።"

መጀመሪያ የፈነዳው ስልከኛው ነው። ማይክሮፎኑ ፊቱ ስለነበረ ሳቁ ከጣሪያ ወረደ። ከዚያ አዳራሹ ተከተለ። ሥራ አስኪያጁ መድረኩ ላይ፣ እጃቸው ወደ ኮምፒውተሩ እንደተዘረጋ ቀሩ። ሳቁ ጋብ ሲል ከፊተኛው ረድፍ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ እጃቸውን አወጡ።

"ጥያቄ አለኝ" አሉ ኮስተር ብለው። "ጨርቁን ደንበኛው ነው ይዞ የሚመጣው ወይስ መሥሪያ ቤቱ ያቀርባል?"

ሥራ አስኪያጁ በጎን በር ወጡ።

እትዬ ሠንጠረዥ ቤቷ ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ገና አሥር ሰዓት አልሆነም። እናቷ ሻርፓቸውን ሳያወልቁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"ታካሚሽ ሞተ እንዴ?"

"አልሞተም እማ። አድኜው ነበር፤ ሌላ ሰው ነካክቶ መልሶ አሳመመው።"

"እንግዲህ ከታመመ ይታከማላ" አሉ እናት። ቀጥለው ደግሞ "ግን ሰውየውን በጨርቅ ማጽዳቱ ለምን አስፈለገ?" ሲሉ፣ እትዬ ሠንጠረዥ ትራሱን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች ይሁን ሳቀች ለራሷም አልለየላትም።

በማግሥቱ ጠዋት ንድፍ አውጪው ክፍሏ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት።

"እትዬ፣ እኔ ፎቶ ብቻ ነው እኮ የቀየርኩት።"

"አምፖል ልቀይር ብለህ ቤቱን ነው ያፈረስክብኝ።"

ሌላም ልትለው ነበር። ነገር ግን የከበደ እርምጃ ደረጃውን ሲወርድ ተሰማ። ሥራ አስኪያጁ ናቸው። እዚያች ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ወንበሩ ቱቦው ሥር ስለነበር አንዲት ጠብታ አናታቸው ላይ አረፈች። ቀና ብለው አዩና አናታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

"የናቅሽኝ መስሎኝ ነበር" አሉ። "በፎቶው ነገር። ሌሊቱን ሳስበው ግን የናቅኩት እኔ ነኝ፤ ሥራሽን። እስኪ ምን እንደሆነ አሳዪኝ።"

"አላሳይዎትም" አለች። "ዓይንዎን ይጨፍኑ።"

ያልታከመውን መመሪያ ከፈተችላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እየሰሙ ብቻ፣ ውሃ ሲቋረጥ ምን ማድረግ እንዳለባቸው የሚናገረውን ቦታ እንዲያገኙ አዘዘቻቸው። ሥራ አስኪያጁ ጀመሩ። ጠብታ ሰሙ። አዎና የለም ሰሙ። ሁለት ጊዜ ዓሣው ጋ ተመለሱ። ግንባራቸው አላበው። አንድ ጊዜ ዓይናቸውን ገለጥ ሊያደርጉ ሲሉ "ጌታዬ!" አለቻቸውና መልሰው ጨፈኑ። ሩብ ሰዓት ካለፈ በኋላ እጃቸውን ከቁልፎቹ ላይ አነሱ።

"የለም" አሉ።

"አለ። ገጽ አርባ ላይ ነው። የጻፉትም እርስዎ ነዎት።"

ሥራ አስኪያጁ ዓይናቸውን ገለጡ፣ ግን ቶሎ አልተነሡም። ሲነሡ ሁለት ነገር አዘዙ። አንደኛው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ሠንጠረዥ ሳታየውና ስልከኛው ሳይሰማው አንድም ሰነድ እንዳይወጣ። ሁለተኛው፣ ቱቦው እንዲጠገን።

መመሪያውን እንደገና ማከሙ ዘጠኝ ቀን ብቻ ፈጀ። ንድፍ አውጪው ከጎኗ ተቀምጦ ሁሉንም ከራሱ ፋይል ጀምሮ እያስተካከለ ስለሄደ፣ ፎቶ ቢቀየርም ሥራው እንዳይፈርስ ሆነ። ገጽ ሦስት ላይ "ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ብለው፣ ትልቅ የቱቦ መፍቻ ይዘው" ተብሎ ተጻፈ። ከዚያም መመሪያው ለስልከኛው ተላከ፤ በገዛ ወንበሩ፣ በገዛ ጆሮ ማዳመጫው፣ ማንም አጠገቡ ሳይቀመጥ ከዳር እስከ ዳር እንዲያነበው።

በሁለተኛው ቀን ስልኳ ጮኸ።

"እትዬ" አለ። የሳቅ ድምፅ የለበትም። "ገጽ ስልሳ ሁለት ላይ ቅሬታ የሚቀርበው በመስኮት ሦስት ነው ይላል። ተሳስታችኋል። መስኮት ሰባት ነው።"

"ሰባትማ ከተዘጋ አራት ዓመቱ አይደል እንዴ!"

ስልከኛው "ምን?" አለ።

"አራት ዓመቱ። ያኔ ለሁሉም ደብዳቤ ተልኮ ነበር።"

"ያኔ አንድ ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር" አለ ስልከኛው ቃላቱን እየጎተተ። "ኮምፒውተሬ 'ባዶ ሰነድ' አለኝ። በስህተት የላኩት መስሎኝ ተውኩት። እትዬ፣ እኔ እኮ በየቀኑ አሥርም አሥራ አምስትም ሰው ሰባት እልካለሁ! አራት ዓመት ሙሉ!"

እትዬ ሠንጠረዥ ጠረጴዛዋን ያዘች። ደብዳቤው ትዝ አላት። ያን ጊዜ መዝገብ ቤት ነበረች፤ ወረቀቱን ስካን አድርጋ እንደ ፎቶ የላከችው እሷው ራሷ ናት። ፎቶ ደግሞ ለስልከኛው ኮምፒውተር ባዶ ገጽ ነው።

"ወንድሜ" አለች፣ "ባዶውን ደብዳቤ የላክሁልህ እኔ ነኝ።"

ስልከኛው "ነይ ውጪ" አላት። "ሄደን እንይ።"

መስኮት ሰባት ያለው በጀርባው ኮሪደር ጫፍ ነው። መስታወቱ ከውስጥ በካርቶን ተሸፍኗል፤ ከላይ ግን ቁጥሩ፣ ትልቅ የነሐስ ሰባት፣ አሁንም ያበራል። ከፊቱ ባለው አግዳሚ ላይ ሦስት ሰዎች በወረፋ ተቀምጠዋል፦ ዣንጥላ የያዘች ሴትዮ፣ ፋይል የታቀፈ ሰውዬ፣ ጋዜጣ ፊታቸው ላይ አድርገው ያንቀላፉ አዛውንት። እትዬ ሠንጠረዥ ያየችውን በጆሮው ሹክ አለችው። ስልከኛው ጉሮሮውን ጠረገ።

"ይቅርታ፣ የቅሬታ መስኮት እዚህ አይደለም። ሦስት ቁጥር ነው፣ በዋናው አዳራሽ በኩል።"

ሴትዮዋ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች።

"ይሄ ድምፅ! አንተ አይደለህም እንዴ ትናንት በስልክ 'ሰባት ቁጥር፣ ጠብቂ፣ ይከፍቱልሻል' ያልከኝ?"

"እኔ ነኝ እመቤቴ" አለ ስልከኛው። "ከትናንት በፊትም እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ኑ፣ እኔው ራሴ ላድርሳችሁ።"

አዛውንቱን ቀሰቀሷቸው። ስልከኛው በትሩን ዘርግቶ ከፊት ሆነ፣ ሦስቱ ከኋላው ተሰልፈው ተከተሉት። እትዬ ሠንጠረዥ አልሄደችም፤ ከጥገና ክፍል መፍቻ ተውሳ መጥታ አግዳሚው ላይ ወጣች፣ የነሐሱን ሰባት ቁጥር ብሎኖችም መፍታት ጀመረች። ሁለተኛው ብሎን ላይ ስትደርስ ከኮሪደሩ ወዲያ ጫፍ የስልከኛው ድምፅ ተሰማት።

"ቀስ በሉ፣ እዚህ ጋ አንድ ደረጃ አለ።"

ባለ ፋይሉ ሰውዬ ወረቀቱን እያየ ይሄድ ስለነበር አልሰማውም፣ ደረጃውንም አላየውም፤ ተደናቀፈና ፋይሉ ወለሉ ላይ ተበተነ።